ድስት ነው ወይስ ባቡር? የፕሬሸር ኩከር ምደባ እንደገና ሲፈተሽ

ፕሬሸር ኩከር በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ሱቆች የሚደረደረው ከብረት ድስት፣ ከትሪና ከፔርሙስ ጎን ነው። ለምን ቢባል ክዳንና እጀታ አለው፣ ምግብም ይገባበታል ነው መልሱ። በዚህ መለኪያ ከተሄደ አገር አቋራጭ አውቶብስም በርና መስኮት ስላለው፣ ሰውም ስለሚገባበት፣ ከመኖሪያ ቤት ሊመደብ ነው። የዚህ ጥናት አቋም ግን አንድ ነው፦ ፕሬሸር ኩከር የማብሰያ ዕቃ አይደለም፤ መጓጓዣ ነው። ተሳፋሪዎቹ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ቦሎቄና ቅልጥም ሲሆኑ መንገዱም ቁልቁለት ብቻ ነው።

ማስረጃው ከከፍታ ይጀምራል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ፣ ቡሬ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የሚጫነን አየር ይቀልላል፤ የሚጫነው የቀለለለት ውሃም በቅጡ ሳይግል ይፈላል። በባሕር ዳርቻ (ከተማዋን ባሕር ዳርን አላልንም፤ እሷም ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው) 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ የሚንተከተክ ውሃ ቡሬ ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ ይንተከተካል። ማገዶ ቢጨመርበት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ ፈቅ አይልም። ጮቄ ተራራ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ የተጣደ ድስትማ ከ87 ዲግሪ አይዘልም። ስለዚህ የምዕራብ ጎጃም ባቄላ ለሰዓታት ተጥዶ ድንጋይ ሆኖ ቢገኝ ጥፋቱ የባለቤቲቱ አይደለም። አማቶች ምራቶቻቸውን ሲወቅሱበት የኖሩት ጉዳይ፣ በጥንቃቄ ሲታይ፣ የአየር ግፊት ጉዳይ ነው።

በሽታው ከታወቀ መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም፤ ወደ ቆላ መውረድ ነው። ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ደጀንን አልፎ አባይ በረሃ ሲወርድ ድልድዩ ጋ ከፍታው ከ1,000 ሜትር ብዙም አይበልጥም። እዚያ ውሃ በ96 ወይም በ97 ዲግሪ ይፈላል። እንግዲህ የባቄላ ድስቷን ታቅፋ እስከ አባይ ድልድይ የወረደች ባለቤት የምታተርፈው ሦስት ዲግሪ ገደማ ነው፤ የትራንስፖርቱ ሒሳብና የበረሃው ወበቅ ሲቀነስ ኪሳራ ነው። ጨክና እስከ ዳሎል ብትዘልቅ እንኳ ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ያህል ወርዳ ከ100 ዲግሪ የምታልፈው ግማሽ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ፕሬሸር ኩከሩ ግን ክዳኑ ላይ ባለችው ክብደት እንፋሎቱን አፍኖ ይይዛል። የውስጡ ግፊት ከውጩ አየር በአንድ ባር ገደማ ሲበልጥ ቡሬ ላይ የተጣደው ውሃ 117 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ከባድ አየር በተፈጥሮ ይገኝ ቢባል ከባሕር ጠለል በታች 5,000 ሜትር ያህል የወረደ ጉድጓድ ያስፈልጋል። ከቡሬ ሲሰላ የ7,000 ሜትር ቁልቁለት መሆኑ ነው። ባለቤቲቱ ይህን ሁሉ የምታወርደው ከበርጩማዋ ሳትነሳ ነው። ይህን ጉዞ ካላሉት ምን ጉዞ ሊባል ነው?

ታሪክም ከዚህ አቋም ጋር ይቆማል። ዕቃውን እ.ኤ.አ. በ1679 የሠራው ፈረንሳዊው ሐኪም ደኒ ፓፓን ነው። በ1682 ለለንደኑ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባላት በዚሁ ድስት ራት አዘጋጅቶ ነበር፤ ከታዳሚዎቹ አንዱ የነበረው ጆን ኤቭሊን የበሬውና የበጉ አጥንት እንደ አይብ ለስልሶ መቅረቡን በዕለት ማስታወሻው ጽፏል። ዋናው ነገር ግን ከራቱ በኋላ የሆነው ነው። ፓፓን በ1690 ፊቱን ወደ ሲሊንደርና ፒስተን አዙሮ በእንፋሎት የሚሠራ ሞተር ሞዴል ሠራ። ሰውዬው ድስቱ ምን እንደሆነ ገብቶት ነበር ማለት ነው። ቋንቋችንም አልሳተም። «ባቡር» የሚለው ቃል በዐረብኛ በኩል ዞሮ የመጣው እንፋሎት ከሚለው የአውሮፓ ቃል፣ ከ«ቫፖር» ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ በመሆኑ አንዲት ጠብታ እንፋሎት የለውም፤ ስሙን የያዘው በውርስ ብቻ ነው። ምዕራብ ጎጃም ባቡር አልገባለትም የሚሉ ሰዎች ወደ ማድ ቤት ገብተው ቢያዩ መልካም ነው።

የአጠቃቀም ደንቡም የመንገድ ደንብ ነው። ድስቱ ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሞላም፤ ጥራጥሬ አረፋ ስለሚያነሳ ከግማሽ በላይ አይጫንም። ይህን የሚጥስ ሰው ጥፋቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ሰው ከሚያጭቅ ረዳት ጥፋት አይለይም። የክዳኑ ማሸጊያ ስሙ ራሱ ጎማ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የተሳፋሪው ብዛት እንደሚንር፣ በፍልሰታም የንፍሮ ተጓዥ እንደሚበዛ ግልጽ ነው። ፊሽካዋ ስትጮህ ደግሞ ተሳፋሪው መድረሱን ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች ሁሉ ይሰማሉ፤ አንዳንዶቹም ለአቀባበል ይመጣሉ። መብራት በመሐል ሲጠፋስ? ባቄላው መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ስህተት ነው። ድስቱ በቀዘቀዘ መጠን ቀስ እያለ አቀበቱን ወጥቶ ቡሬ ይመለሳል።

ተቃዋሚዎች መጀመሪያ የሚመዙት ተረትና ምሳሌ ነው። «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። ተረቱ ስለ ጉልቻ የተናገረውን ይህ ጥናት ሙሉ በሙሉ ይቀበላል፤ ስለ ክዳን ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» የሚለውም ከ1679 በፊት ለነበረ ጅብ የተነገረ ይመስላል፤ አጥንት እንደ አይብ ከለሰለሰ ቀንድም ተስፋ አለው። ከዚህ የከበደው ክርክር የጉልቻው እሳት ራሱ ነው። ፊሽካዋ መንቀጥቀጥ ስትጀምር እሳቱ መቀነስ አለበት። የኤሌክትሪክ ምድጃ በማዞሪያው ይቀነሳል፤ ከፋግታ ለኮማ የመጣ የዲከረንስ ከሰል ወይም የባሕር ዛፍ ፍልጥ ግን ፍሬን የለውም፤ ፍልጡን በእጅ ማውጣት ነው። እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቹ እውነት አላቸው። በገጠር ለዚህ ዕቃ የጎደለው መኪናው ሳይሆን መንገዱ ነው።

ባቄላውን ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር ይበቃል የሚሉም አሉ። መዘፍዘፍ ጠቃሚ መሆኑ አይካድም፤ ግን ሙቀቱን አንድ ዲግሪ አይጨምርም። መናኸሪያ ያደረ ሰው ቀድሞ ይሳፈራል እንጂ እዚያ በማደሩ ብቻ አገሩ አይገባም። ድስቱ ይፈነዳል የሚለው ፍርሃትም መሠረት አለው፤ መሠረቱ ግን የተሳፋሪ ሥነ ሥርዓት ነው። የክክና የሽሮ አረፋ የእንፋሎቱን ቀዳዳ ሲደፍን፣ ወይም ሰው እንፋሎቱ ሳይወጣ ክዳኑን ሲታገል አደጋ ይደርሳል። መኪናው ሳይቆም መውረድ ክልክል መሆኑ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም።

ዶሮ ወጥ ግን የተለየ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ይህ ጥናት ይሸነፋል፣ በደስታም ይሸነፋል። የቁሌቱ ሽንኩርት የሚፈልገው ውሃውን ጥቂት በጥቂት እየለቀቀ መድረቅ፣ ከዚያም መቅላት ነው። ፕሬሸር ኩከር ደግሞ ታሽጎ የሚሄድ፣ በመንገድ ማንንም የማያወርድ ነው፤ ውሃው መውጫ ካጣ ሽንኩርቱ ተቀቅሎ ይቀራል። ስለዚህ ዶሮዋ 12 ብልቷን ይዛ፣ ወደ ግሽ አባይ እንደሚወጣ ተሳላሚ፣ በእግሯ ትሄዳለች። ተሳላሚን ለምን ዘገየህ የሚለው የለም፤ ድካሙም የስለቱ አካል ነው።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ጎማው። ከብዙ ጉዞ በኋላ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ እንፋሎቱም በጎን ማምለጥ ይጀምራል። ልኩ ተፈልጎ ሲታጣ ድስቱ ከሰባት ሺህ ሜትሩ ቁልቁለት ለዘለቄታው ወደ 93 ዲግሪው ይመለሳል። መንገድ ዳር ቆሞ የቀረ አውቶብስ የዶሮ ማደሪያ እንደሚሆነው፣ እሱም የቡሬ በርበሬ ተሞልቶ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ ክዳኑ ለብቻው፣ ፊሽካዋም ለልጆች። ከዚያ ወዲያ ከብረት ድስቱና ከፔርሙሱ ጎን ቢደረደር ይህ ጥናት ተቃውሞ የለውም።