ካባ የለበሰው እና «ውሸት ነው» ባዩ

በጅማ አካባቢ፣ በየቡም ሆነ በአጋሮ፣ ፊልም በጋራ በሚታይበት ቦታ አንድ ሰው አይታጣም። ቪዲዮ ቤትም ይሁን የጎረቤት ሳሎን፣ እሱ ቀድሞ ደርሶ ጥሩውን ቦታ ይዟል። የሌሊት ወፍ ጭንብል ያጠለቀው ጀግና ከፎቅ ጫፍ ዘሎ ካባውን ሲዘረጋ፣ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ሲያዩ፣ እሱ ጎኑ ያለውን በክርኑ ነካ አድርጎ «ይሄማ ውሸት ነው!» ይላል። እውነት ነው ያለው ማንም የለም። ባትማንን የፖሊስና ኅብረተሰብ ፕሮግራም መስሎት የገባ ተመልካች እስካሁን አልተገኘም። እሱ ግን ምስጢሩን ደርሶበታልና አንድ ጊዜ ተናግሮ አይበቃውም፤ እንደ ቡናችን ሦስት ዙር አለው። አቦሉን ከፎቁ ዝላይ ላይ ይላታል፣ ቶናውን ሸረሪት የነከሰችው ልጅ ግድግዳ ሲወጣ፣ በረካውን ደግሞ አረንጓዴው ግዙፍ ሰውዬ ታንክ ሲወረውር። ትንሽ ነገር ናት፤ ንቆ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ልተዋት አልቻልኩም።

ይህ ሰው ውሸትንና ማጋነንን አንድ ጆንያ ውስጥ ከቷቸዋል። ውሸት እውነት መስሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚመጣው። ቀለም ተቀብቶ፣ ከበሮ አስመትቶ፣ «መጣሁ» ብሎ የሚገባ ነገር ማንን ያታልላል? ዋረን ቢቲ እ.ኤ.አ. በ1990 «ዲክ ትሬሲ»ን ሲሠራ የድሮውን የጋዜጣ ካርቱን መልክ ለመጠበቅ ሲል ፊልሙን በሰባት ደማቅ ቀለሞች ብቻ ወሰነው። መርማሪው ወንበዴ የሚያድነው ቢጫ ካፖርት ለብሶ ነው። በዚያ ካፖርት በየቡ የገበያ ቀን ተደብቆ ዶሮ እንኳ መከታተል አይቻልም። ያም ሆኖ ፊልሙ ሦስት ኦስካር ወሰደ፤ አንዱ የወንበዴዎቹን ፊት ላጣመመው ሜካፕ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «ሲን ሲቲ» ደግሞ ከተማውን ጥቁርና ነጭ አድርጎ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ብቻ ከንፈርና ቀሚስን ቀይ ይቀባል። ዳይሬክተሩ ሮበርት ሮድሪጌዝ ካርቱኑን የሳለውን ፍራንክ ሚለርን በዳይሬክተርነት ከጎኑ ለማቆም ሲል ከዳይሬክተሮች ማኅበር እስከ መልቀቅ ደርሷል። ሰው ማኅበሩን የሚተወው የተሳለው ነገር እንደተሳለ ስክሪን ላይ እንዲወጣ ብሎ ከሆነ፣ እኛ ወንበር ላይ ተቀምጠን ትንሽ ብንታገስ ምን ይጎድለናል?

«ይህ የፈረንጅ ቅብጠት ነው» የሚል ይኖራል። እንዲህ የሚል ሰው የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሥዕል አላየም ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ 44 በሚሆኑ ትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ፣ በየሥዕሉ ላይ ጽሑፍ ታክሎበት፣ ከዘንዶው ጀምሮ እስከ ምኒልክ ቀዳማዊ በተርታ ይነበባል። ይህ ኮሚክ ካልሆነ ኮሚክ የቱ ነው? በባህላዊው ሥዕላችን ደግ ሰው ሙሉ ፊትና ሁለት ትላልቅ ዓይኖች አሉት፤ ክፉ ሰው ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ ይቀረዋል። በአድዋ ሥዕሎች ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ከሰማይ ይዋጋል፣ ጠላትም ወደ ጎን ዞሮ ይሰለፋል፤ «የጠላቱ ጄኔራል ሁለተኛ ዓይን የት ሄደ?» ብሎ የጠየቀ ተመልካች የለም። በኦሮሞው ጌረርሳም ሆነ በአማራው ፉከራ ጀግናው ልኩን አያውቅም። ልኩን ካወቀ ፉከራው የቀበሌ መታወቂያ ይሆናል፤ ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ የቤት ቁጥር።

ካባውን እንውሰድ። «ውሸት ነው» ባዩን ከሁሉ ይበልጥ የሚያንገበግበው እሱ ነው፤ «በካባ ማን ይደባደባል?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን በሠርግ ወቅት አንድ ቅዳሜ ጅማ ላይ ቆሞ ይመልከት። ሙሽራው እስከ ሐሙስ ባጃጅ ሲነዳ ወይም ቡና ሲመዝን የነበረ ልጅ ነው። ቅዳሜ በወርቅማ ጥልፍ ያበደ ካባ ደርቦ፣ በጠራራ ፀሐይ ላቡ እየወረደ፣ ንጉሥ ሆኖ ብቅ ይላል። ሚዜዎቹ አንድ ዓይነት ለብሰው ይከተሉታል፤ ቪዲዮ ቀራጩ ዝግ ባለ ፍጥነት እያስኬደ ካባው በነፋስ ሲነሳ ይቀርጸዋል። ይህ ከሆሊዉድ በምን ያንሳል? «ውሸት ነው» ባዩ እዚያም አለ፤ ግን እያጨበጨበ ነው። የምረቃው ካባም አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ሲያስመርቅ ከተማው በጥቁር ካባ ይሞላል። ሱፐርማን ካባውን ለብሶ ይበርራል፤ የእኛ ተመራቂ ካባውን መልሶ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ይቆማል። የብስራት ደበበ ኤታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው «ጀምበር» ይህን ነገር በደንብ ይዞታል፤ ጀግናው አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ተመራቂ ሲሆን ድንገት ልዕለ ኃይል ያገኛል። ከኃይሉና ከሥራው የትኛው ቢገኝ ይበልጥ «ውሸት ነው» እንደሚያሰኝ አንባቢ ይፍረድ።

ማጋነን ሁሉ ያምራል እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1997ቱ «ባትማን ኤንድ ሮቢን» በበረዶና በኒዮን ተንቆጥቁጦ ወደቀ፤ ዳይሬክተሩ ጆል ሹማከር ራሱ በኋላ ያዘኑ ተመልካቾችን ይቅርታ ጠይቋል። እዚያ ግን ቀለሙ የበዛው ለአሻንጉሊት ገበያ ተብሎ ነበር፤ ከልብ ያልመጣ ፉከራ ደግሞ ፈካሪውንም ያሳፍራል። ከዚህ የሚከብደው «300» የተባለው ፊልም ነገር ነው። ፊልሙ ፋርሶችን ጭራቅ አድርጎ ስላቀረበ እ.ኤ.አ. በ2007 የኢራን መንግሥት ተቃውሟል፤ እውነቱን ነው። የተጋነነ ውበት የተጋነነ ጥላቻንም አሳምሮ ይሸከማል፤ የእኛ ባለ አንድ ዓይን ጠላትም ከዚህ ነጻ አይደለም። ነገር ግን በግልጽ የተሳለ ጭራቅን «አበዛኸው» ብሎ መከራከር ይቻላል። ኢራንም የተከራከረችው ስለታየ ነው።

መከራከር የማይቻለው ከሌላው ዓይነት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከሚመጣው ውሸት ጋር ነው። ይኸው «ውሸት ነው» ባይ ሰኞ ጠዋት ቢሮው ገብቶ «ዕቅዳችን መቶ በመቶ ተሳክቷል» የሚል ሪፖርት ያያል፤ መንገዱ አልተሠራም፣ ቧንቧው ውኃ ከሰጠ ቆይቷል፣ እሱ ግን ይፈርማል፤ ማኅተም ያስመታል። ክርኑ የማንንም ጎን አይነካም። ማታ ቤቱ ሲገባ ልጁ ደብተሩ ላይ የቡና ዛፍ ሐምራዊ አድርጎ ስሎ ያገኘዋል፤ «እንዲህ ያለ ቡና የት አየህ?» ብሎ ያስጠፋዋል። ለዚህ ሳቅ የለኝም። ላጲሱ ሪፖርቱ ላይ ማረፍ ሲገባው ልጁ ዛፍ ላይ አረፈ፤ ያ ልጅ ሲያድግ ደግሞ ምን መፈረም እንዳለበት ከወዲሁ ተምሯል።

መቼም ሰውዬው ክፉ አይደለም። ፊልሙን አቋርጦ ሲወጣም አይታይም፤ ምናልባት «ውሸት ነው» ማለት የእሱ እልልታ ሊሆን ይችላል። ስለ ካባው ያነሳው ጥያቄም ተገቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004ቱ «ዘ ኢንክሬዲብልስ» ፊልም የጀግኖቹ ልብስ ሰፊ፣ «ካባ የሚባል ነገር አልሰፋም» ትላለች፣ ባለ ካባዎቹ ካባቸውን የሆነ ነገር እየያዘባቸው አልቀዋልና። ጅማን ብታውቅ ደግሞ የባጃጁን ጎማና በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋውን ዝናብ ትጨምርበት ነበር። ሐምሌ ላይ የቡ ውስጥ መሬት የሚጠርግ ካባ ለብሶ ዓለምን ማዳን ቀርቶ መንገድ መሻገር ፈተና ነው። ሙሽሮቹማ ይህን ያውቃሉ፤ የተከራዩት ካባ ጭቃ ሲነካው ማን ይክፈል የሚለው ግን እስካሁን አልለየለትም። ሚዜዎቹ ናቸው የሚሉ አሉ፤ መኪናውን ጭቃ ላይ ያቆመው ሾፌር ነው የሚሉም አሉ፤ አከራዮቹ መያዣቸውን አስቀድመው ስለተቀበሉ ክርክሩ ውስጥ አይገቡም።