በዱብቲ የተነበበ የአንድ ሽጉጥ የሕይወት ታሪክ

ለቅሶ ደራሾች ሆይ፣ እባካችሁ ወደ ጥላው ጠጋ ጠጋ በሉ። በዱብቲ ፀሐይ ቆሞ ረጅም የሕይወት ታሪክ የሚያዳምጥ ሰው እሱ ራሱ ሁለተኛ ቀብር ያስፈልገዋል። ከሎግያና ከሰመራ የመጣችሁ፣ ከሚሌም በከባድ መኪና ጋቢና ተሳፍራችሁ የደረሳችሁ፣ ብድራችሁን በደስታ ያድርገው።

ሟቹ አጭሩ ሪቮልቨር ናቸው፤ ከሪቮልቨርም ወገን የአውቶማቲክ ሽጉጥ ጥይት የሚጎርሱት። አንቱ የምላቸው ለዕድሜያቸው ነው። በግብራቸው አንቱታ ይገባቸው እንደሆነ ታሪካቸው ሲያልቅ እንፈርዳለን።

አንድ ችግር ግን አለብኝ። በአገራችን የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሟች ሁሉ ደግ፣ ሟች ሁሉ ሰው አክባሪ ነው፤ እስካሁን ክፉ ሰው ሲቀበር አላየንም። እዚህ አፋር ምድር ላይ ደግሞ ዳጉ አለ። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ያየውን ከሰማው፣ የሰማውንም ከማን እንደሰማው ለይቶ የማይናገር ሰው ከዚያ ወዲያ አይታመንም። በዚህ ወግ ፊት የተለመደውን የቀብር ውሸት ይዤ ብቆም፣ ነገ ኤሊዳር ላይ መሳቂያ መሆኔ ነው። ስለዚህ እንደ ዳጉው እናገራለሁ።

ሟች ከአባታቸው ከባለ ስድስት ጎራሹ የአሜሪካ ሪቮልቨር፣ ከእናታቸው ከጆን ብራውኒንግ የ45 ካሊበር ጥይት እ.ኤ.አ. በ1917 ተወለዱ። ወላጆቻቸውን ያጋባቸው ፍቅር አልነበረም፤ ችግር ነው። አሜሪካ በዚያ ዓመት ሚያዝያ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ለሠራዊቷ የመረጠችው ባለ ካዝናውን የ1911 አውቶማቲክ ሽጉጥ ነበር፤ ሆኖም ፋብሪካዎቹ ለሁሉም ማዳረስ አቃታቸው። ጥይቱ አለ፣ ሽጉጡ የለም። ሽጉጥ ሠሪዎቹ ኮልትና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ታዲያ ድሮ የሚሠሩትን ሪቮልቨር አዲሱን ጥይት እንዲጎርስ አድርገው አቀረቡ፤ ሁለቱ ባንድ ላይ ከ300 ሺህ በላይ አመረቱ። ያኔ ሟች ግዙፍ ነበሩ። እያረጁ ነው ያጠሩት፤ ይህ ደግሞ በሰውም ይደርሳል።

አብሯቸው የተወለደ ሕመም ነበረባቸው። የጥንቱ የሪቮልቨር ጥይት ቀለሁ ግርጌ ላይ ዙሪያውን ወጣ ያለ ጠርዝ አለው። ጠርዙ ጥይቱ ወደ ጉድጓዱ ዘልቆ እንዳይሰምጥ ያግደዋል፣ ከተተኮሰ በኋላም ባዶውን ቀለህ ገፍቶ ለማውጣት መያዣ ይሆናል። የአውቶማቲክ ጥይት ግን ካዝና ውስጥ አንዱ ባንዱ ላይ ሲደረደር እንዳይጠላለፍ ጠርዙ ተላጭቷል። ሪቮልቨር ውስጥ ሲገባ የሚያዝበት የለውም፤ ቢተኮስም ቀለሁ እዚያው ተወሽቆ ይቀራል፣ በእንጨት ቆርቁሮ ማውጣት ነው። መድኃኒት ተብሎ የተገኘው ሦስት ሦስት ጥይት የሚያቅፍ ስስ የብረት ቅጠል ሲሆን፣ በቅርጹ ግማሽ ጨረቃ አሉት። በኋላ አምስቱንም ስድስቱንም ባንዴ የሚያቅፍ ሙሉ ጨረቃ መጣ።

ለዱብቲ ሰው የጨረቃን ነገር ማስረዳት ድፍረት ነው። ጨረቃ ሳትታይ ረመዳን አይገባም፣ ጨረቃ ሳትታይም ዒድ የለም። ሟችም ያለ ጨረቃ አይጎርሱም ነበር። ልዩነቱ፣ የሰማይዋ በወሩ ትመለሳለች፤ የሟች ጨረቃ ግን አንዴ አሸዋ ላይ ወድቃ ግመል ከረገጣት አለቀላት። ጥቂት ከተጣመመች እንኳ ጥይት መያዣው ሲሊንደር እየታሸ አልዞርም ይላል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜያቸው መንከራተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ፒተርስ የተባለው የጥይት ፋብሪካ ጠርዝ መልሶ ያበጀለት የ45 ጥይት አወጣላቸው። የጎረቤት እንጀራ እበላለሁ ብለው ቤት ከለወጡ በኋላ ለእሳቸው ብቻ የሚጋገር እንጀራ መጣ ማለት ነው፤ ታዲያ ቤት መለወጡ ለምን አስፈለገ? በ1937 ብራዚል 25 ሺህ ያህል አዘዘች። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 547 የተባለውን፣ በጥቃቅን የብረት ጣቶች ቀለሁን እየያዘ የሚያወጣ፣ ጨረቃ የማያሻውን ባለ 9 ሚሊሜትር ሠራ። ብልህ ሥራ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቆመ። በ2014 ደግሞ ሩገር ከግማሽ ኪሎ የማይበልጥ፣ አምስት የ9 ሚሊሜትር ጥይት የሚጎርስ የኪስ ሪቮልቨር ይዞ መጣ፤ ከነጨረቃው።

ይህ የመጨረሻው ልጅ መጥፎ አልነበረም። የአጭር ሪቮልቨር የዘወትር ምግብ የሆነው 38 ስፔሻል የተፈለሰፈው ጥቁር ባሩድ ባልጠፋበት በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ነው፤ ቀለሁ ረጅም የሆነው ለዚያ ባሩድ ቦታ ለመስጠት ነው። 9 ሚሊሜትሩ ግን ጭስ ለሌለው ባሩድ የተሠራ አጭርና ኃይለኛ ስለሆነ በአጭር አፈሙዝ ይሻላል፤ በብዙ አገርም ርካሹና በቀላሉ የሚገኘው እሱ ነው። ያም ሆኖ ሌላ ሕመም ተከተለ። ሽጉጡ ቀላል ነውና ሲተኮስ ኃይለኛ እርግጫ አለው፤ በእርግጫው ገና ያልተተኮሱት ጥይቶች እርሳሳቸው ከቀለሁ እየተንሸራተተ ወደ ፊት ይወጣና ሲሊንደሩን ቀርቅሮ ይይዘዋል። ሟች አንዳንድ ጊዜ በገዛ ጉርሻቸው ይታነቁ ነበር።

እዚያ ከኋላ እጅዎን ያነሱት፣ ከአሜሪካ የመጡት እንግዳ፣ ምን አሉ? ዛሬም ይመረታሉ፣ ሱቅ ገብቶ መግዛት ይቻላል? ጌታዬ፣ ውጭ አገር ዘመድ መኖሩ ለቅሶ አያስቀርም። ይቀመጡ።

አሁን፣ በአሜሪካ ከተሞች በሃርትፎርድና በስፕሪንግፊልድ የተወለዱትን ለምን በዱብቲ እናለቅሳቸዋለን? ጥይት ምን እንደሆነ ከዚህ ሸለቆ በላይ የሚያውቅ አገር ስለሌለ ነው። የሸዋ መሣሪያ ከታጁራ የሚመጣው በአፋር በረሃ፣ በአፋር ግመል ነበር። ገጣሚነቱን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ሁለት ሺህ ያህል ያረጁ ጠመንጃዎች ይዞ ይህንን በረሃ አቋርጦ ንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ደረሰ፤ ንጉሡ በዋጋ ተከራክረው ረቱት። ከዚሁ ምድር፣ ከሰሜኑ የጨው ሜዳ፣ አሞሌው ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። ገበያ ላይ ሁለቱ ተገናኙ፤ አሞሌ ጨውም ጥይትም እንደ ገንዘብ ተቆጥረው እጅ በእጅ ዞሩ። ጥይት መገበያያ በሆነበት አገር ሰው ጠመንጃ ሲመርጥ አስቀድሞ የሚጠይቀው ምን እንደሚጎርስና ጉርሻውም የት እንደሚገኝ ነው። ውጅግራን ያየ ያውቃል። ዓድዋ ላይ የዋለው ያ ጠመንጃ ብረቱ ደህና ነበር፤ ጥይቱ ሲጠፋ ነው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው።

ጣሊያንም ይህን ሳይማር ነው የመጣው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ከአሰብ የተነሳው ጦሩ በአውሮፕላን ስንቅ እየተጣለለት ሰርዶ ደረሰ፤ ከዚህ ቅርብ ነው። የዚያ ዘመን የጣሊያን ሠራዊት ከሚታጠቃቸው ሽጉጦች ሁለቱን ብቻ እንይ። አንዱ እ.ኤ.አ. የ1889ኙ ቦዴዮ ሪቮልቨር ሲሆን የሚጎርሰው 10.35 ሚሊሜትር ነው፤ ሌላው አዲሱ እ.ኤ.አ. የ1934 ቤሬታ፣ የሚጎርሰው አጭሩን 9። አንዱ ጥይት ቢያልቅበት ሌላው የሚያበድረው የለም። ሟች ጣሊያን ቢሆኑ ኖሮ ይህንን ጠብ በሽምግልና በፈቱት ነበር፤ ሥራቸው ይኸው ነበርና።

ከደርግ ዘመን ወዲህ ደግሞ ማካሮቭ መጣ። እሱም 9 ነው ይላሉ። ልብ በሉ፣ የቤሬታው 9 ቀለሁ 17 ሚሊሜትር ይረዝማል፣ የማካሮቭ 18፣ የሉገር የሚባለው 19። ሦስቱም 9 ተብለው በአንድ ስም ይጠራሉ፣ ግን አንዱ ለሌላው ቤት አልተሠራም። የማካሮቭ እርሳስ ወፈር ይላል፤ የሉገሩ ባሩድ ይበረታል። ሟች ዱብቲ ቢመጡ የሚጎርሱት ሦስተኛውን ብቻ ነበር።

በአቧራውስ? ሪቮልቨር ካዝና የለውም፣ ስለዚህ የሚደክም የካዝና ስፕሪንግ የለውም፤ አሥር ዓመት ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ቢወጣ ይነሳል ይባላል። ይህ ለደጋ ነው። ከእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ ዘመን ጀምሮ ጥጥ ሲለቀምበት፣ ኋላም ሸንኮራ በተተከለበት በተንዳሆ ማሳ፣ ብናኙና ደቃቁ አሸዋ ቀለህ ማውጫው ሥር ከገባ ሲሊንደሩ ቀጥ ይላል። ዳጉ ነውና ይህም ይነገር።

ወደ ፍርዱ እንምጣ። ሟች ዱብቲን አይተዋታል? በኬላ ተያዘ ሲባል በዜና የምንሰማው የቱርክ ሽጉጥና ክላሽ ነው። ኮንትሮባንዲስትም ነጋዴ ነው፤ ጉርሻው ገበያ ላይ የሌለ ሽጉጥ በግመል ጭኖ በረሃ አያቋርጥም። ሟች ከባላንጣቸው ከአውቶማቲኩ ማዕድ ለመብላት አፋቸውን አስተካክለው ነበር፤ ዳሩ ግን ያቺ ቅጠል ብረት የምትሸጥበት ሱቅ ከሎግያ እስከ አሳይታ የለም። ስለዚህ ዱብቲን ሳያዩ ሞቱ። በዚህ ሸለቆ የማንንም አባት አላስለቀሱም፣ በግጦሽና በውኃ ጠብ አልተቆጠሩም፣ ዱብቲ ሆስፒታል የእሳቸውን ቁስለኛ አልተቀበለም። ለሽጉጥ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አላውቅም። አንቱታው ይገባቸዋል፤ ጸድቋል።



ቡናው ከመቅረቡ በፊት አንድ ነገር ላሳስብ። ሟች የቀሩ ሽማግሌ ዘመዶች አሏቸው፤ በየቤቱ በአያት ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልለው የተኙ ቦዴዮዎችና ሌሎች አሮጌ ሪቮልቨሮች። የዛሬ ጥይት ጉድጓዱ ውስጥ ገባ ብላችሁ እንዳትሞክሩ፤ የዚያን ጊዜው ብረት የዛሬን ባሩድ ላይችል ይችላል፣ የሚፈነዳውም በያዘው ሰው እጅ ላይ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ፈቃድ የሌለውን መሣሪያ የአያት ቅርስ ነው ብሎ አያልፍም። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ካለ አትነካኩት፤ ልጆች ሳያገኙት ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ አሳውቁ።