ባለፍላሹና ባለሊኑክሷ

ደብረ ታቦር ቢሮ ውስጥ ዊንዶውስን ነቅሎ ሊኑክስ የጫነ ሰው ሁለት ነገር አያጣም፤ የጉና ብርድና የባልደረባ ተረብ። ለብርዱ ጋቢ አለ። ለተረቡ ግን ምላስ ያስፈልጋል። ባለሊኑክሷ ደግሞ ምላስ አልተቸገረችም።

ባለፍላሹ፦ «ሊኑክስሽ ከቢሮው የፋይል ሳጥን ጋር ተኳርፏል አሉ!»

ባለሊኑክሷ፦ «የሳጥኑ ሆድ ዕቃ ራሱ ሊኑክስ ነው። ሲኖሎጂ በለው ኪውናፕ፣ ለዊንዶውስ ፋይል የሚያካፍሉት በሳምባ ነው፤ አንድሩ ትሪጅል የሚባል አውስትራሊያዊ የጀመረው። ዘመዳሞቹን ላስታርቅ ያልከው አንተን ማን ሽማግሌ አደረገህ?»

«ሳምባ? በዚህ ብርድ ሳምባ ይታመማል እንጂ ፋይል ያወጣል?»

«የሚታመመውስ ያንተ ነው፤ ፍላሽ አንጠልጥለህ ፎቅ ለፎቅ ስትሮጥ።»

«ታዲያ ማሽንሽ ‹ሆስት ኢዝ ዳውን› ብሎ መርዶ የሚነግርሽ ለምንድን ነው?»

«መብራቱ እየበራ፣ ለፒንግ እየመለሰ፣ አንተ ድንኳን ጣልክለት? ሳጥኑ አልሞተም፤ አርጅቷል። የሚያውቀው የፋይል ማካፈያ ቋንቋ የጥንቱን ኤስኤምቢ 1ን ብቻ ነው። ሊኑክስ ደግሞ ከ2017 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከርነል 4.13 ወዲህ ካላዘዙት በቀር በዚያ አይነጋገርም።»

«‹ቨርስ 1.0› ብለሽ አዘሽው አትገላገይም?»

«ይከፈትልኛል። ግን ዋናክራይ የተባለው ቫይረስም በዚያው በ2017 የዓለምን ዊንዶውስ ያስለቀሰው በኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ ገብቶ ነው። እኔ መጀመሪያ የሳጥኑን ሶፍትዌር አድሼ ኤስኤምቢ 2ን ወይም 3ን አስነሣለሁ። አንተ ጎረቤት ተዘርፎ እያየህ በርህን በገመድ እሰር።»

«ቢከፈትልሽም ማንበብ እንጂ መጻፍ ይከለክልሻል!»

«በሩት ስም ብቻ ከከፈቱት ይከለክላል። ዩአይዲ ላይ የራስህን ቁጥር ስትሰጠው ይፈቅዳል። በአለቃ ስም የገባ ዕቃ ሠራተኛ አስነክቶ ያውቃል?»

«ፓስወርድ በየጧቱ ስትተይቢ ጣትሽ አለቀ። እኔ ብሆን ኤፍስታብ ላይ ጽፌው እተኛ ነበር።»

«ኤፍስታብ ማሽኑን የሚጠቀም ሁሉ የሚያነበው ፋይል ነው። ቅዳሜ ገበያ ወጥተህ አዋጅ ብታስነግር ይሻልሃል፤ ቢያንስ ሰው ይስቅልሃል። የኔ ለብቻው ፋይል ውስጥ ነው፤ ፈቃዱም 600፣ ከባለቤቱ ሌላ አያየውም።»

«መብራት ሄዶ ሲመጣስ? ሳጥኑ እስኪነሣ ማሽንሽ ተገትሮ ይውላል!»

«‹ኖፌይል› የምትል ቃል ጨምሬበታለሁ፤ ሳጥኑ ቢቀርም ማሽኔ ሥራውን ይጀምራል። ይቺን ቃል ለስብሰባችንም ባገኘሁለት፤ ሰብሳቢው እስኪመጣ ስንቱ ቀን መሸብን!»

ባለፍላሹ መሸነፉ ሲታወቀው አገሩን ጠራ፦ «እኛ የጋፋት ልጆች መሸከምና መጎተት አይከብደንም። ሴባስቶፖል መድፍን ከዚህ ተነሥተን መቅደላ አፋፍ ያወጣን ነን!»

«አውጥታችኋል፤ በ1860 ዓ.ም.። ግን ቴዎድሮስ መድፉን ከማስጎተቱ በፊት መንገድ አስጠረገ፤ ገደል ፈልፍሎ፣ ራሱም ድንጋይ አንሥቶ። ላንተ መንገዱ ተጠርጎ፣ ኬብሉ ጠረጴዛህ ሥር ድረስ መጥቶልህ፣ ፍላሽ ትጎትታለህ።»