ያረጀ ቧንቧ ለሚጠግን ሹም የተሰጠ ምክር

ልጄ ሆይ፥ በሐዋሳ ከተማ ከምድር በታች ተቀብረው ያረጁትን የውኃ ቧንቧዎች ታድስ ዘንድ በተሾምህ ጊዜ፥ አስቀድመህ ልታውቀው የሚገባህ ነገር ቢኖር፥ ይህች በ1952 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ለስሕተት እጅግ የተመቸች መሆንዋን ነው። ከጥንት እሳተ ገሞራ የተረፈው ቀላልና ቀዳዳው የበዛ ድንጋይዋ፥ ከሐይቅ ደለል ጋር ተደባልቆ፥ ከቧንቧህ ያፈተለከውን ውኃ ወደ ላይ አውጥቶ ከሚያጋልጥህ ይልቅ ወደ ታች አስርጎ ኅቡእ ያደርግልሃልና፤ ስለዚህ ያላየኸውን ስንጥቅ ሁሉ እንዳልተፈጠረ ቍጠረው።

ወደ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ወርደህ ስትቆፍር ጉድጓዱ በውኃ ቢሞላ ደግሞ፥ ሰው ሳይጠይቅህ «ይህ የሐይቁ ውኃ ነው» በል። የከርሠ ምድሩ ውኃ በዚያ ሠፈር ለገጹ ቅርብ ስለሆነ የሚቃወምህ አይኖርም፤ የሚያሠጋህ የክሎሪን መመርመሪያ ብቻ ነው፥ ከቧንቧ የወጣ ውኃ የማጣሪያውን ክሎሪን ይዞ ሲገኝ ከምድር የመነጨው ግን አይዝምና፥ ይህን መሣሪያ ከመጋዘን አታስወጣ። ዳሩ ግን ክርክሩ ከከፋብህ፥ ሐይቁ ከገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ እንደሌለው አስታውሰህ፥ የጠፋው ውኃ ሁሉ ወደ ሐይቁ እንደ ተመለሰና አንዲት ጠብታም ከከተማው እንዳልወጣች አስረዳ፤ የሐይቁ ፍሎራይድ የዓለም የጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም በላይ መሆኑን ግን አታንሣ፥ የተጣራው ውኃ አንድ ጊዜ ወደዚያ ከወረደ በኋላ ማንም መልሶ እንደማይጠጣው ይገለጣልና።

ስለ ካርታ ላስጠንቅቅህ። በየመሥሪያ ቤቱ፥ የትኛው መስመር በየትኛው አጥር ሥር እንደሚያልፍ በልቡ የያዘ አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ አይጠፋም፤ ይህ ሰው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ዕውቀቱ በወረቀት እንዳይሰፍር ተጠንቀቅ፥ በስንብቱም ቀን ጋቢ አልብሰህ ሸኘው። የውኃ መዝጊያ ሳራቼኔስካዎቹንም አስፋልትና ኮብልስቶን ይሸፍናቸው ዘንድ ተዋቸው፤ ከዚያ በኋላ የአንዲት ጠባብ መንገድ ቧንቧ ሲፈነዳ ውኃውን ለመዝጋት የሠፈሩን ሕዝብ ሁሉ ማስጠማት ግድ ይሆንብሃል። ሮማዊው ፍሮንቲኑስ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ97 ዓ.ም. የሮማ ውኃ ጠባቂ ሆኖ በተሾመ ጊዜ፥ የቱቦዎቹን መጠን መለካትና መመዝገብ፥ ዋናውን መስመር በሥውር እየበሱ ውኃ የሚሸጡትንም ሠራተኞች ማጋለጥ ጀምሮ ነበር፤ ጭራሽ መጽሐፍ ጽፎበታል። እንዲህ ያለ ጠባይ ከአንተ ይራቅ።

ጥንቁቆች ነን የሚሉ ሰዎች ሕዝቡ በተኛበት በመንፈቀ ሌሊት ወደ ሠፈሩ የሚገባውን ውኃ ይለካሉ፤ ቤተሰቡ ሁሉ አንቀላፍቶ ሳለ የመስመሩ ቆጣሪ አለማቋረጥ ቢዞር፥ የሚጠጣው ምድሩ እንደ ሆነ ከዚህ ይረዳሉ፥ ጆሮአቸውንም በመሣሪያ አግዘው ከአስፋልቱ ሥር የሚያፏጨውን ያዳምጣሉ። አንተ ግን ሌሊቱን ማኅሌት ለሚቆሙት ትተህ፥ ፒያሳ በባጃጅ ጡሩምባ በሚናወጥበት በቀትር ጊዜ አዳምጥ፤ ምንም እንዳልሰማህም በእውነት ልትመሰክር ትችላለህ።

የተሰነጠቀውን ቧንቧ ስታገኝ፥ የበሰበሰውን ክፍል ቈርጦ በአዲስ መተካት ጊዜ የሚፈጅ ስለሆነ፥ በአሮጌ ካላማዳሪያ ጠቅልለህ በሽቦ እሰረው። ጥንቁቆቹ ከሥሩ አሸዋ የማንጠፍ ልማድ አላቸው፤ አንተ ሹል ድንጋይ አልብሰው፥ አፈሩንም በየንብርብሩ ሳትጠቀጥቅ በአንድ ጊዜ መልሰህ፥ የጭነት መኪና ይጠቅጥቀው ብለህ ሂድ። መስመሩን ማጠብና በክሎሪን ማከም ቀርቶ፥ የሠራተኞቹ ጫማ ያስገባው ጭቃ በማግሥቱ በየቤቱ ማሰሮ ይውረድ።

ይህ ሁሉ ግን ከፈረቃ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ውኃውን አንድ ቀን ለቀህ ሦስት ቀን ስትዘጋው፥ ባዶ የሆነው ቧንቧ በዙሪያው ያለውን እድፍ፥ የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ ሳይቀር፥ በየስንጥቁ ወደ ውስጥ ይስባል፤ መልሰህ ስትለቀው ደግሞ፥ በውስጡ የታሰረው አየርና በድንገት የሚመጣው ግፊት ያረጀውን ብረት እየደበደቡ፥ ትናንት ያልነበረ ስብራት ለነገ ያዘጋጁልሃል፥ ሕዝቡም ፈርቶ ሮቶና ጄሪካን ሲያበዛ፥ በተለቀቀበት ቀን ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚቀዳ ውኃው ከቀድሞው ይልቅ ያንሳል። በታቦር ተራራ ግርጌ ከፍ ብሎ የተሠራ ቤት ውኃ አልደረሰኝም ብሎ አቤቱታ ቢያቀርብም፥ ሠፈሩን ለብቻው ከፍለህ ግፊቱን ከማስተካከል ይልቅ ለከተማው ሁሉ ጨምር፤ ግፊት ሲያድግ በየስንጥቁ የሚፈሰው አብሮ ያድጋልና፥ ለአንድ ቤት የታሰበው በጎነት ለሐይቁ ይደርሳል።

ሪፖርት ስትጽፍ የጠፋውን ውኃ መጠን ትተህ የጠገንኸውን ስብራት ቍጥር አስፍር። አንዱ ጉድጓድ በዓመት 4 ጊዜ ቢቆፈር 4 ሥራ ነው፤ ስለዚህ በካላማዳሪያ የሠራህ አንተ፥ አንድ ጊዜ ብቻ አጥብቆ ከሠራው ባልንጀራህ ይልቅ ትጉህ ሆነህ ትመዘገባለህ፥ የዓመቱም ሽልማት ለአንተ ይገባል። ለአምስተኛ ጊዜ ልትቆፍር በመጣህ ጊዜ፥ በዚያ የሚቆም ባለ ባጃጅ ሳትጠይቀው ቦታውን በጣቱ ቢያሳይህ አትቆጣ፤ ከመሥሪያ ቤትህ መዝገብ ይልቅ እርሱ ያውቀዋልና፥ በቀን ሠራተኛነት ቅጠረው።