ጥበብን ደግፎ ማጥፊያ፤ ለአዲስ ተሿሚ የተሰጠ ምክር

የተከበሩ የባህል ቢሮ ኃላፊ፣ በሥልጣን ዘመንዎ አንድም ሠዓሊ፣ አንድም ባለ ቅኔ፣ አንድም መሰንቆ መቺ እንዳይወጣ ከፈለጉ መንገዱ ይኸውና። በጀት መከልከል አያስፈልግዎትም። በጀት የተነፈገ ጥበብ በየጓዳው፣ በየአዝማሪ ቤቱና በየደብሩ ተሸሽጎ ክፉ ቀን ሊያሳልፍ ይችላል፤ እየተደገፈ የጠፋው ግን መመለሻ የለውም። ይህን የምጽፈው ጉዳዩ ስለሚያንገበግበኝ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እዚሁ አገር ወይ ተሠርቷል፣ ወይ ሊሠራ ሲል አስተዋይ ሰው ከልክሎታል።

ከሁሉ አስቀድመው ፍሬውን በዚያው ሩብ ዓመት ይጠይቁ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች የናስ ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰምተው 40ዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ደመወዝ ተቆረጠላቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያንም መጡ፤ ኋላም የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሱ። ከእሳቸው ቀጥሎ ዘመዳቸው ነርሰስ ናልባንድያን በዛሬው ብሔራዊ ቴአትርና በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለዓመታት ሙዚቀኛ ሲቀርጹ ኖሩ። በ1916 የተጀመረው ወጪ ምን እንዳፈራ አገሩ አጥርቶ የሰማው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ነው። በየሦስት ወሩ ሪፖርት ቢለካ ኖሮ ገንዘቡ ባክኗል ተብሎ በሁለተኛው ዓመት ይቋረጥ ነበር። ስለዚህ የአስተማሪ ደመወዝ የሚጠይቅ ደብዳቤ ሲመጣልዎ “በዚህ ሩብ ዓመት ስንት ተጠቃሚ አገኘ?” ብለው ይመልሱት።

ሰውን ወደ ላኩት ሥራ ብቻ ይንዱት። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። እዚያ ልባቸው ወደ ሥዕል አደላ፤ ሎንደን ውስጥ ሥነ ጥበብ ተምረው ተመለሱ። የላካቸው መንግሥት ገንዘቤን መልስ አላላቸውም። እርስዎ ይበሉ፤ ውል አለ፣ ዋስ አለ። ያኔ እንዲህ ቢባሉ ኖሮ አፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የመስታወት ሥዕላቸው ባልተሠራ፣ እኛም አንድ የማዕድን መሐንዲስ ባገኘን ነበር።

ድጋፉን ለአንድ ቤት ብቻ ሰጥተው ሌላውን በሕግ ይዝጉት። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ ሕዝቡን ለመቀስቀስ ተቋቋመ፤ ለዚህ ውለታው ክብር ይገባዋል። ቆይቶ ግን ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብት በአዋጅ ለእሱ ብቻ ተሰጠ። ቤቱ ራሱ ማሳተሙን እየተወ ሲሄድም ክልከላው ባለበት ጸና። በ1961 ዓ.ም. አምሐ እሸቴ የሚባል የሙዚቃ ቤት ባለቤት ክልከላውን ጥሶ ማሳተም ጀመረ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጣ። አለማየሁ እሸቴን የመጀመሪያ ሸክላውን ያስቀረጸው እሱ ነው። ፈረንሳይ አገር “ኢትዮፒክስ” በሚል ስም የወጣው የሙዚቃ ተከታታይ ከዚሁ ጎተራ ብዙ ወስዷል። አዋጁ በጥብቅ ቢከበር ኖሮ ያ ሁሉ ድምፅ ሳይቀረጽ ይቀር ነበር። እርስዎ ዘንድ አምሐን የመሰለ ሰው ብቅ ካለ ፈቃዱን፣ ግብሩንና ማኅተሙን እያጣሩ ያመላልሱት፤ ወጣትነቱ በኮሪደር ያልቃል።

በራስዎ እጅ አሳትመው በራስዎ እጅ ይሰብስቡ። የመንግሥቱ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማን “ኦሮማይ” አወጣ። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። እንዲህ ያለ ቅጣት አንዴ ከተፈጸመ ሌላ አያስፈልግም። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ጸሐፊ ማንም ሳያዘው የራሱ ሳንሱር ይሆናል፤ የዚህን ዋጋ ደግሞ በየትኛውም የሒሳብ ሪፖርት አያገኙትም።

መሥሪያ ቤቱንም አያስቀምጡት። ባህል በ1994 ከወጣቶችና ስፖርት ጋር ተዳበለ፤ በ1998 ወደ ቱሪዝም ሄደ፤ በ2014 ተመልሶ ከስፖርት ጋር ገባ። በየዝውውሩ ሠራተኛ ይመደባል፣ ዕቅድ ይታጠፋል፣ መዝገብ ይጠፋል። እርስዎም አንድ ጊዜ ቢያዛውሩት ይበቃል።

ገንዘቡን ለበዓል ያውሉት። የኪነት ቡድኑን በዋዜማው ይጥሩት፤ የሚዘፍነውን ስንኝ ጽፈው ይስጡት፤ ቲሸርት ያልብሱት፤ ሞንታርቦውን፣ ባነሩን፣ መድረኩንና ውሎ አበሉን በደንብ ይክፈሉ። ጉባኤተኛው ገብቶ እስኪቀመጥ ያስጨፍሩት፤ ከዚያ በምሳ ሸኝተው እስከሚቀጥለው በዓል ይርሱት። ከቡድኑ አንዷ ልጅ ድምፅዋ ልብ የሚነካ ቢሆን እንኳ ኖታ የሚያስተምራት አይመደብላት። ይህ ልማድ ጥሩ ድምፅ ያላቸውን ልጆች ሲበላ ማየት በጣም ያማል፤ በሃያ ዓመታቸው አጃቢ የነበሩ በአርባ ዓመታቸውም እዚያው አጃቢ ናቸው።

ትምህርቱ ላይ ግን ይበርቱ፤ ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና እይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ፤ መጽሐፉም ተዘጋጅቷል። አስተማሪ አይቅጠሩለት። ክፍለ ጊዜው ላልሞላለት ለማንኛውም መምህር ይደርቡት፤ ልጆቹ የክራርን አውታሮች ስም ከሰሌዳ ይገልብጡ፣ ክራር ግን አይንኩ። ፈተና ሲቃረብ ክፍለ ጊዜውን ለሒሳብ ማካካሻ ያድርጉት።

ለአዋቂው ደግሞ መማር በልጅነት ያበቃል ይበሉት። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል፤ ፊደል ሳይቆጥር ያረጀውን ገበሬና እናትም ጠቅሟል። ይህን ፈለግ ላለመከተል ዘዴው ቀላል ነው፤ ፊደል ለለየው ሰው የሚያነበው አይስጡት። የወረዳው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ሲወጣ ይዘጋ፤ ሠራተኛው ሲመለስ ይከፈት።

ገበሬው ለተማሪው ያደረገውንም ከአእምሮዎ ያውጡት። ቅኔ ሊቆጥር ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ የወረደ ልጅ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ “በእንተ ስማ ለማርያም” እያለ ከደጅ ደጅ ሲዞር የመንደሩ ሰው ከራሱ ጎድሎበት ቁራሽ ሰጥቶታል። መቼ ትጨርሳለህ ብሎ አላስጨነቀውም። ድጓ ሊያስመሰክሩ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ሊማሩ ዙር አምባ የሚሄዱ ጎልማሶችንም ዕድሜያችሁ አልፏል ያላቸው የለም። ደሃ ገበሬ ለዘመናት ይህን ያህል ሲሸከም መንግሥት ያንሳል ብዬ ለማመን እቸገራለሁ።

እርስዎ ጋ ደግሞ የወጣት ማዕከል አለ። ከረምቡላና ጆተኒ ያስገቡበት፤ ቅዳሜና እሑድ ኳስ ያሳዩበት፤ አዳራሹን ለስብሰባና ለሠርግ ያከራዩት። የወጣቶች ፖሊሲው ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ስለሆነ ይህችን ቁጥር በሩ ላይ ይለጥፏት። ልጆቿን አሳድጋ የጨረሰች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ መሰንቆ መምታት ሲያምራት የኖረች የሃምሳ ዓመት እናት ብትመጣ፣ “እትዬ፣ ይኼ ለወጣት ነው” ብሎ ጥበቃው ይመልሳት።

ወይም ያስገቧት። አዳራሹ ማታ ማታ ባዶ ነው። መሰንቆ መቺው እዚያው ሰፈር አለ፤ ዕውቀቱን ለማን እንደሚያወርስ ግራ ገብቶት ተቀምጧል። የሚጎድለው በሳምንት ሁለት ማታ ለሚያስተምርበት የሚቆረጥለት ደመወዝ፣ ለተማሪዎቹ ጥቂት መሰንቆና አምሽቶ በሩን የሚዘጋ ጥበቃ ነው። የዘንድሮው የበዓል ቲሸርት ይቅርና ገንዘቡ ለዚህ ይዋል። ከሚቀጥለው በጀት ዓመት ጀምሮም አስተማሪው በቋሚ መደብ ይያዝ፤ አምስት ዓመት ሳይሞላው ውጤት አምጣ የሚል ደብዳቤ እንዳይደርሰው።