ለልምድ ልውውጥ ወደ ኮንቬንሽን ማዕከል ለሚሄድ የአምባሰል ሰው

ከሐይቅ፣ ከውጫሌ ወይም ከዚያው አካባቢ ለ«ልምድ ልውውጥ» አዲስ አበባ እንዲሄዱ ተመርጠው ከሆነ እንኳን ደስ አለዎት። የተመረጡት በችሎታዎ ይሁን ወይስ ሌላው ሰው ሠርግ ስላለበት፣ እሱን አሁን አያንሡት። አበሉ ተፈርሟል፤ ከእንግዲህ እርስዎ «ባለድርሻ አካል» ነዎት። የምን ድርሻ እንደሆነ የሚጠይቅዎ ካለ ስብሰባ ያልለመደ ሰው ነውና ይለፉት።

መንገዱን እኔ አልነግርዎትም። ደሴ ከአዲስ አበባ 401 ኪሎ ሜትር መራቋን ጉልበትዎ ያውቀዋል። ጭንቁ የሚጀምረው ላምበረት መናኸሪያ ሲወርዱ ነው። የጥሪ ወረቀትዎ «አዲስ ዓለም አቀፍ ኮንቬንሽን ማዕከል» የሚል ከሆነ ወደ መገናኛ፣ ከዚያም ወደ ሲኤምሲ ይሂዱ። ማዕከሉ የተመረቀው በ2017 ዓ.ም. ነው፤ ዓመቱ ሳይወጣ ጳጉሜን ላይ ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ ተካሂዶበታል። ወስዶ ሊያደርስዎ የመጣው ዘመድዎ ግን «ኤግዚቢሽን» የሚል ቃል ከሰማ በቀጥታ መስቀል አደባባይ ይዞዎት ይሄዳል። አይፍረዱበት፤ አዲስ አበቤ የገናና የፋሲካ ባዛር ሲያይ የኖረው እዚያ ነው። ሌላው ደግሞ «ሚሊኒየም አዳራሽ መሆን አለበት» ብሎ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያወርድዎታል። ያንን አዳራሽ ለ2000 ዓ.ም. በዓል ያሠሩት ወልድያ ያደጉት ሼህ መሐመድ አል አሙዲ ናቸው። ቢሆንም «የአገሬ ልጅ ቤት ነው» ብለው ያለ ትኬት ለመግባት አይሞክሩ፤ ተሞክሯል።

በሩ ላይ ከተፈተሹ በኋላ ባጅ አንገትዎ ላይ ይንጠለጠላል። ስምዎ ተሳስቶ መጻፉ አይቀርም። ለማሳረም ሰልፍ ከሚጀምሩ፣ ለሁለት ቀን በዚያ ስም መጠራት ይሻላል። ባጁን በጋቢ አይሸፍኑት፤ እዚያ ቤት ሰው ዓይንዎን ሳይሆን ደረትዎን አይቶ ነው የሚያናግርዎት።

ከዚያ ምንጣፉ ይመጣል። ከዳር እስከ ዳር የተነጠፈ፣ ጸጉራም፣ ንጹሕ ምንጣፍ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ደጅ ጫማውን ሲያወልቅ ያደገ፣ ወይም መስጊድ በር ላይ ጫማ መደርደር የለመደ እግር እዚህ ጋ በራሱ ጊዜ ይቆማል። ያስገድዱት። ጫማዎትን አውልቀው በእጅዎ ይዘው ከገቡ ፎቶ ያነሡዎታል፤ ፎቶውም የሚወጣው «የባህል ዘርፍ» በሚለው ገጽ ላይ ነው።

ሰላምታውን ያሳጥሩ። እኛ አገር ሰው ከተገናኘ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ሳይጠያየቅ ወደ ጉዳይ አይገባም። እዚያ ግን ገና «እንዴት ሰነበትሽ የኔ እመቤት» ሲሉ ልጅቱ በራሪ ወረቀት አስይዛዎት ወደሚቀጥለው ሰው ዞራለች። አልተቀየመችዎትም፤ ሥራዋ ነው።

አሁን የውኃ ፓምፕ ፊት ቆመዋል እንበል። ሰማያዊ ነው፣ ያበራል፣ ከሐይቁ ዳር ያለውን የሽንኩርት ማሳዎን አስታውሶዎታል። ምላስዎ ላይ የመጣውን «ስንት ነው?» ይዋጡት። በትልልቅ አዳራሽ ዋጋ አይጠየቅም፤ «ፕሮፎርማ ላኩልኝ» ነው የሚባለው። ፕሮፎርማው አይላክም፣ እርስዎም አይጠብቁትም፣ ሁለታችሁም ግን የንግድ ትስስር ፈጥራችኋል። «መጨረሻውን ንገሩኝ» ብለው እንደ ገበያ ዞር ሊሉ ቢሞክሩ የሚጠራዎ የለም። አንድ ነገር ግን ከልቤ ልንገርዎት፤ ፈርሙ ብለው በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ካቀረቡልዎ ሁለቱንም ሳያስነብቡ ብዕር አያንሡ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ይስማ ንጉሥ ላይ፣ በራሳችን ቀዬ፣ ከጣሊያኑ ኮንት አንቶኔሊ ጋር የተፈረመው የውጫሌ ውል ምን እንዳመጣ ከአምባሰል ሰው በላይ ማን ያውቃል?

ቅምሻው ከሁሉ ይበልጣል። ማር በትንሽ ማንኪያ፣ አይብ በስቴኪኒ ተሰክቶ፣ ዳቦ በጥፍር ልክ ተቆርጦ ይቀርባል። በሞሰብ የለመዱትን ሆድ በዚህ ለመሙላት ዘዴ ያስፈልጋል፤ አንዴ ጋቢ ለብሰው፣ አንዴ ጋቢውን አጣጥፈው በብብትዎ ይዘው ይለፉ። ሁለተኛው ዙር ላይ «ምርቱን ከቅድሙ ጋር ላወዳድር ብዬ ነው» ማለት ባለሙያ ያስመስላል። ቡናው ደግሞ በወረቀት ኩባያ፣ ቆመው ነው። አቦሉን ጠጥተው ቶና ይመጣል ብለው ወንበር ይዘው አይጠብቁ፤ ቶና የለም፣ በረካም የለም። በተለይ ምርቃት አይጀምሩ። ከኋላዎ ያለው ሰልፍ «አሚን» አይልም።

ከሰዓት በኋላ የፓናል ውይይት ይኖራል፤ ይግቡ፣ ወንበሩ ለስላሳ ነው። የእኛ አገር ጉባኤ ትዝ ብሎዎት እንዳይሳሳቱ ብቻ። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ፣ አፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ በሃይማኖት ጉዳይ ተከራክረው የረታ ረታ፣ የተረታ ተረታ። ሲኤምሲ ላይ የሚረታ የለም። ተወያዮቹ በየተራ ይመሰጋገናሉ፣ አወያዩዋ ሰዓት አልቋል ትላለች፣ ከዚያ ሁሉም ተሰልፎ ፎቶ ይነሣል። እርስዎም ጠርዝ ላይ አይቁሙ፤ ጠርዝ ሲታተም ይቆረጣል።

ቦርሳውን አደራ። ጽሑፍ ያለበት የጨርቅ ቦርሳ፣ ውስጡ እስክሪብቶና ማስታወሻ ደብተር ያለው፣ ለአንድ ሰው አንድ ይሰጣል። ለኃላፊዎ ሁለተኛ ያስፈልግዎታል፣ ለግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ሦስተኛ። ባጁን ገልብጠው በሌላኛው በር ይግቡ። ስምዎ ቀድሞውኑ ተሳስቶ ተጽፏልና ማንም አያውቅብዎትም።

ሪፖርቱን በአውቶቡስ ላይ ሊጽፉ አይነሡ፤ የደብረ ሲና መጠምዘዣ ፊደል ያበላሻል። ከመሄድዎ በፊት ጽፈው ያስቀምጡት። «ጠንካራ ጎን» በሚለው ሥር አዳራሹ ሰፊ መሆኑን፣ «ደካማ ጎን» በሚለው ሥር የጊዜ እጥረት መኖሩን ያስፍሩ። «የመፍትሔ ሐሳብ» ላይ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የቡድኑ ቁጥር ቢጨምርና ቆይታው ወደ አምስት ቀን ከፍ ቢል የተሻለ ልምድ እንደሚቀሰም ይግለጹ፤ የኃላፊውን ስም ከዝርዝሩ አናት ላይ አድርገው።