በጆሮ የሚታይ ቴሌቪዥን

የጉለሌ ቴሌቪዥን ተመልካች ሁለት ዓይነት ነው፤ በዓይኑ የሚያይና በጆሮው የሚያይ። ሰው የሚወደው ፕሮግራም በዕድሜው፣ በትምህርቱና በኪሱ ይወሰናል ይባላል። ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ባለው የአዲስ አበባ ሰፈር ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ሰውየው በእጁ ምን ይዟል?

የሽሮ ሜዳ ሸማኔ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ፣ እጁ መወርወሪያው ላይ፣ ዓይኑ ጥለቱ ላይ ነው። ለቴሌቪዥን የሚተርፈው ጆሮው ብቻ ነው። ክሩን ትቶ ቀና ቢል አንዲት ቆንጆ ያያል፤ ጥለቱን ግን ያበላሻል፤ ደንበኛ ደግሞ ቆንጆዋን አይቶ ዋጋ አይጨምርም። ስለዚህ ከአንድ ዓመት በላይ የተከታተለውን ድራማ ባለታሪክ መንገድ ላይ ቢያገኛት አይለያትም፤ አፏን ከከፈተች ግን በስሟ ይጠራታል። ቡና የምታፈላ ሴትም ከእሱ አትለይም። ቡናው እስኪቆላ ዓይኗ ምጣዱ ላይ፣ ጀበናው ሊገነፍል ሲል ደግሞ እሳቱ ላይ ነው። ባልና ሚስቱ ሊፋቱ ሲሉ እሷ ስኒ እያለቀለቀች ነው፤ ፍርዷን ግን ማንም አይቀድማትም።

የጆሮ ተመልካች ታሪኩ ረጅም ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት ሲጀምር፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ጣቢያው አንድ ስለነበር ስለ ምርጫ መከራከር አያስፈልግም ነበር። ያለው ምርጫ ማየት ወይም መተኛት ነው። በ1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ቀለም መጣ፤ ለጆሮ ተመልካች ግን ቀለም ምን ይጨምርለታል? እሱን ያረኩት አባባ ተስፋዬ ናቸው። ተስፋዬ ሳህሉ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲያወሩ ልጁ ከፊት ቁጭ ብሎ ያያል፣ እናቱ ከጓዳ ሆና ትሰማለች፣ ሁለቱም ያው ተረት ይደርሳቸዋል። ይህን ያህል በአንድ ጊዜ ሁለት ክፍል ያስተናገደ ፕሮግራም ከዚያ ወዲህ ማግኘት ይቸግራል።

ዘመነ ዲሽ ሲመጣ ጆሮ ክፉኛ ተጎዳ። ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ የተተከለው ሳህን ከዓረብ ጣቢያዎች የአሜሪካን ፊልም ያወርዳል፤ ንግግሩ እንግሊዝኛ፣ ከሥሩ የሚሮጠው ጽሑፍ ዓረብኛ ነው። እንግሊዝኛው ለጆሮ ፈጠነ፣ ዓረብኛው ደግሞ ለብዙው ቤት የስክሪን ጥለት ከመሆን አላለፈም። ያኔ የማስተርጎም ሥራ የወደቀው ትምህርት ቤት በሚሄደው ልጅ ላይ ነበር። ተዋናዩ ሁለት ደቂቃ ሙሉ እንባውን እያፈሰሰ ይናገራል፤ አያት «ምን አለ?» ይላሉ፤ ልጁ «ተናደደ» ይላል። አያት ይህን ሁሉ ንግግር አንድ ቃል እንደማይሸከመው ያውቃሉ፤ ግን የትምህርት ቤት ክፍያው ከንቱ ቀረ ላለማለት ዝም ይላሉ።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ ኢቢኤስ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ተነስቶ በአማርኛ ብቅ አለ። ጆሮ ሙሉ በሙሉ የነገሠው ግን በ2008 ዓ.ም. ቃና ሲከፈት ነው። ቃና የውጭ ድራማውን፣ በተለይ የቱርኩን፣ በአማርኛ ድምፅ ቀይሮ አቀረበ። እዚህ ላይ ሰዋስው ውለታ ውሏል። የቱርክኛ ግስ እንደ አማርኛው ሁሉ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ የኢስታንቡሉ ሰውዬ አፉን ሊዘጋ ሲል የአዲስ አበባው ድምፅ «እገድለዋለሁ» ላይ ይደርሳል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን ማንን እንደሚገድል ሳይናገር መግደሉን ይናገራል፤ ይህ ለአማርኛ ጆሮ የጨዋታ ሥርዓት መጣስ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሽሮ ሜዳ የኢስታንቡልን ሀብታም ቤተሰብ ገበና ከራሱ ዕድር ጉዳይ በላይ አወቀው።

የአገር ውስጥ የቴአትርና የፊልም ባለሙያዎች ቃናን ተቃወሙ፤ ገበያችንን፣ ባህላችንንም ወሰደ አሉ። አቤቱታው ለሌላው ዓለም አዲስ አይደለም። ካናዳ ከአሜሪካ ጎን ተቀምጣ ይህንኑ ስትል ኖራለች፤ ጣቢያዎቿ የአገር ውስጥ ሥራ እንዲያቀርቡ በሕግ ድርሻ መድባለች። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ካናዳዊ ግን ድንበር አቋርጦ የሚመጣውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ በደስታ ያያል፤ ካናዳዊነቱ ጎልቶ የሚታየው ቅዳሜ ማታ በረዶ ላይ ሆኪ ሲጫወቱለት ነው፤ ይህም ፕሮግራም ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቴሌቪዥን አለ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ኩቤክ ግን የሚወደው በራሱ ቋንቋ የተሠራውን ድራማ ነው። ከካናዳ ሁሉ ለጉለሌ የሚቀርበው ኩቤክ ነው ቢባል አያስኬድም አይባልም፤ ሁለቱም ጆሯቸውን ለባዕድ አይሰጡም። ልዩነቱ ኩቤክ ድራማውን ራሱ ሲሠራ ጉለሌ ድምፁን ብቻ መቀየሩ ነው።

የአገር ውስጡም ድራማ ቢሆን የጆሮን ፈተና ማለፍ አለበት። «ሰው ለሰው» ሲተላለፍ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ በጓዳም በሳሎንም እኩል የተፈራው መልኩን ለማየት ቀና ማለት ስላላስፈለገ ነው፤ ድምፁ ከግድግዳው ባሻገር ያለውን ጎረቤት እንኳ ያስደነግጣል። በሹክሹክታና በረጅም ዝምታ የተሞላ ጥበባዊ ፊልም ግን ሽሮ ሜዳ ላይ ዕድል የለውም። ለሦስት ደቂቃ ድምፅ ከጠፋ ሸማኔው ሪሲቨሩ የተበላሸ መስሎት ልጅ ይጠራል።

የዓይን ተመልካች ማደሪያው ኳስ በክፍያ የሚታይበት ዲኤስቲቪ ቤት ነው። የጨዋታው ሰዓት በር ላይ በጠመኔ ይጻፋል፣ ከፍሎ የገባው አግዳሚ ላይ ይደረደራል፣ አርሴናልና ማንቸስተር ጎራ ይለያሉ። በዚህ ቤት ኮሜንታተሩ የሚያወራውን የሚሰማ የለም፤ ሁሉም ራሱ ኮሜንታተር ነው። ዓይንና ጆሮ ባንድነት የሚሰለፉት አትሌቲክስ ሲሆን ነው። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር የቀደመው በሰከንድ 9 መቶኛ ነው። ይህን የመሰለ ነገር ጆሮ ብቻውን አይፈርደውም፤ መወርወሪያም ጀበናም ይቆያል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ከጉለሌ ወጥቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ቶሮንቶ የገባው ሰው ነው። እዚህ ሳለ የአሜሪካ ፊልም ካልሆነ አላይም ይል የነበረው፣ እዚያ ከደረሰ በኋላ በዩቲዩብ የአማርኛ ድራማ ያሳድዳል። ታሪኩ ብዙም አይገደውም፤ ከተዋናዩ ጀርባ ያለውን ቆርቆሮ፣ ታክሲውን፣ የእንጦጦን ጥግ ነው የሚፈልገው። እህቱ ጉለሌ ቁጭ ብላ ኢስታንቡልን ታያለች፣ እሱ ሜሪላንድ ቁጭ ብሎ ጉለሌን። እሷ ጓዳ ሆና በጆሮዋ፣ እሱ ስክሪኑን ለአፍንጫው አስጠግቶ በዓይኑ። እሱ የሚያሳድደው የአማርኛ ድራማ መጀመሪያ የሚታየው አዲስ አበባ ስለሆነ እሱ ገና ከሥራ ሳይወጣ እሷ ማን እንደሞተ አውቃለች። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የሚደወል ስልክ የመጀመሪያ ቃሉ፣ ከጤና ይስጥልኝም በፊት፣ «እንዳትነግሪኝ!» ነው።